ያለ ክፍያ ጫካ ማደር

በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖችና በወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር ይፈቀዳል። ቦታው እንዴት ይገኛል? ለምንስ ነፃ ሆነ? ከሚያድርበት ሰውስ ምን ይጠበቃል?

ከዋሽንግተን ዲሲ በኢንተርስቴት 66 ወደ ምዕራብ፣ ከዚያም በ81 ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ከሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ባለ ጊዜ ሃሪሰንበርግ ይደርሳል። ከከተማዋ በ33 ቁጥር መንገድ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሲያቀና ረጃጅሞቹ የዶሮ እርባታ ቤቶችና የበቆሎ ማሳዎች እየሳሱ ይሄዱና ተራራው ፊት ለፊት ይቆማል። መንገዱ ድራይ ሪቨር ከተባለው ወንዝ ጋር ጎን ለጎን ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ቡናማው ሰሌዳ እዚህ ጀምሮ የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን መሆኑን ይናገራል። ከዚያ በኋላ በር የለም፤ ኬላ የለም፤ ገንዘብ ተቀባይ የለም። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የጠጠር መንገዶች እየተገነጠሉ ወደ ዛፎቹ መሃል ይጠፋሉ።

በአንዱ ጠጠር መንገድ ቀስ እያሉ ጥቂት ሲነዱ፣ መታጠፊያው ላይ የመኪና ጎማ ያደነደነው ጠባብ መግቢያ ይታያል። ከመግቢያው ወዲያ ሦስት ድንኳን የሚችል ደልዳላ መሬት አለ። ሣሩ ተረግጦ አልቋል። መሃል ላይ በክብ የተደረደሩ ድንጋዮች ጥቁር ከሰል አቅፈዋል። ወንዙ አይታይም፤ ድምፁ ግን ከዛፎቹ ጀርባ ይሰማል። ጠረጴዛ የለም፤ ቧንቧ የለም፤ መጸዳጃ ቤት የለም፤ የቦታ ቁጥርም የለም። ነፃው የማደሪያ ቦታ ይኼው ነው።

ብሔራዊ ደኖቹን የሚያስተዳድረው የደን አገልግሎት ሠራተኞች ይህን ዓይነቱን አዳር «ዲስፐርስድ ካምፒንግ» ይሉታል፤ ከተሠራ ካምፕ ውጭ፣ ተበታትኖ ማደር ማለት ነው። በአብዛኞቹ ብሔራዊ ደኖች ክፍያም ሆነ ቀጠሮ አይጠየቅበትም። ከአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ ወሬውን ሰምተውታል። «እንዲህ ያለ ነገር አለ ይባላል» ብለው ግን ያልፉታል። እውነት መሆኑን የሚጠራጠሩ አሉ፤ የሚፈሩም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ሊያውቁት የሚገባ ታሪክ አለ።

ለወንዝ ሲባል የተገዛ ደን

ዛሬ እነዚህን ተራሮች ያየ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሳይነኩ የቆዩ ሊመስሉት ይችላሉ። እንደዚያ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ የእንጨት ኩባንያዎች የባቡር ሐዲድ እየዘረጉ የአፓላችያን ተራሮችን መለጡ። ግንዱ ሄደ፤ ቅርንጫፍና ቅጠሉ ቀረና ደረቀ። ከባቡሩ የሚፈናጠር ፍም እሳት አስነሣበት፤ እሳቱም አፈሩን ሳይቀር በላ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲጥል ውሃውን የሚይዘው ነገር አልነበረም። ጎርፉ ጭቃና ድንጋይ ይዞ ከተራራው እየወረደ ከታች ያሉትን እርሻዎችና ከተሞች ጠረገ።

የሐምሌ ወንዝ አፈር ተሸክሞ ሲደፈርስ አይቶ ላደገ የጎጃም ወይም የወሎ ሰው ይህ ታሪክ ባዳ አይሆንበትም። ኮረብታው ሲራቆት ወንዙ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከቀረችው ደን ሥር ያለ ምንጭ እንደማይደርቅም ያውቃል።

አሜሪካኖቹ መፍትሔውን በሕግ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣውና በማሳቹሴትሱ እንደራሴ በጆን ዊክስ ስም የሚጠራው ሕግ፣ የፌዴራል መንግሥት ለመጓጓዣ የሚያገለግሉ ወንዞች የሚመነጩበትን መሬት ከባለቤቶቹ እንዲገዛ ፈቀደ። በዚህ መንገድ ከተገዛው መሬት በ1918 ሸናንዶዋ የተባለ ብሔራዊ ደን ተቋቋመ፤ በ1932 ስሙ ተለውጦ ጆርጅ ዋሽንግተን ተባለ። በ1920 ደግሞ በዌስት ቨርጂኒያ የመነንጋሂላ ብሔራዊ ደን ተመሠረተ። በ1933፣ በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን፣ ሥራ ያጡ ወጣቶችን ለማሰማራት የተቋቋመው የጥበቃ ጓድ በመላ አገሪቱ የመጀመሪያውን ካምፕ የተከለው በዚሁ በጆርጅ ዋሽንግተን ደን ውስጥ ነው። ካምፕ ሩዝቬልት ተባለ። እነዚያ ወጣቶች በየደኑ ዛፍ ተከሉ፤ እሳት አጠፉ፤ መንገድ ጠረጉ።

በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሰፊው መሬት ቀድሞውንም በፌዴራል መንግሥት እጅ ስለነበረ መግዛት አላስፈለገም። ዛሬ በአገሪቱ 154 ብሔራዊ ደኖች አሉ። ከእነርሱ ሌላ በ1946 የተቋቋመው የመሬት አስተዳደር ቢሮ በምዕራብ የሚያስተዳድረው ሰፊ ምድረ በዳና የሣር ምድር አለ፤ በአብዛኛው ላይ እንዲሁ ያለ ክፍያ ማደር ይፈቀዳል።

«ደኑ የተገዛው ወንዙ እንዳይደፈርስ ነው። የአዳሩ ደንብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።»

ይህን ታሪክ የያዘ ሰው ደንቦቹን መሸምደድ አያስፈልገውም። ድንኳን ከውሃ ራቅ ብሎ ይተከል የሚባለው፣ ሳሙና ወንዝ ውስጥ አይግባ የሚባለው፣ አዲስ ቦታ አትመንጥሩ የሚባለው፣ መሬቱ መጀመሪያ የተገዛበት ምክንያት አሁንም ስላለ ነው። በድራይ ሪቨር የሚወርደውን ውሃ የሃሪሰንበርግ ከተማ ይጠጣዋል። የተረፈው ወደ ሸናንዶዋ፣ ሸናንዶዋም ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ወደ ፖቶማክ ይገባል። ከፖቶማክ የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሕዝብ ይቀዳል። በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ጀበና የሚሞላ ሰው ከዚያ ጫካ የወረደ ውሃ ቢቀዳ አይደንቅም።

ፓርክ ሌላ፣ ደን ሌላ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ሲነሣ ነው። ናሽናል ፓርክንና ናሽናል ፎረስትን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። የሚያስተዳድሯቸው መሥሪያ ቤቶች ግን የተለያዩ ናቸው። ፓርኮቹ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ሲሆኑ ደኖቹ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ልዩነቱ መሬት ላይ ይታያል። ከዲሲ ሰዎች ቅጠል ለማየት በየመከሩ የሚሄዱበት የሸናንዶዋ ፓርክ የመግቢያ ክፍያ አለው፤ ከተሠሩት ካምፖች ውጭ በእግር ገብቶ ለማደርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሸለቆው ባሻገር በምዕራብ የሚታየው ተራራ ግን ብሔራዊ ደን ነው። እዚያ በልዩ ማስታወቂያ ካልተከለከለ በቀር ማደር የተፈቀደ ነው።

የግዛት ፓርክ፣ የካውንቲ ፓርክ፣ የአደን ክልል እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቦታው ያምራል ወይ?» ሳይሆን «መሬቱ የማን ነው?» የሚል መሆን አለበት። በምሥራቅ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል። የዊክስ ሕግ መሬት የገዛው ለመሸጥ ፈቃደኛ ከሆነው ሰው ብቻ ስለነበር ደኑ እዚህም እዚያም የግል መሬት አቅፏል። መንገዱ ሳይቋረጥ ከሕዝብ ደን ወደ ግለሰብ ግቢ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ደን ሊገባ ይችላል። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከታየ ጉዳዩ አልቋል፤ መዞር ነው።

ካርታው እንዴት ይነበባል?

ነፃ ቦታ የሚያገኙት ዕድለኞች ሳይሆኑ ካርታ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ብሔራዊ ደን ለመኪና የተፈቀዱ መንገዶችን የሚያሳይ ካርታ ያወጣል፤ በነፃ ይገኛል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል። ተራራው አይታይበትም፤ ውበት የለውም። ሕጋዊው ሰነድ ግን እርሱ ነው። በስልክ ላይ የሚታየው ካርታ መንገድ አለ ቢልና ይህ ካርታ መንገዱን ባያሳይ፣ በመኪና መግባት አልተፈቀደም ማለት ነው።

በዚህ ካርታ ላይ አንዳንድ መንገዶች ግራና ቀኛቸው ተከታታይ ነጠብጣብ አለባቸው። ነጠብጣቡ ለማደር ሲባል መኪናን ከመንገድ አውጥቶ ማቆም የሚቻልበትን መስመር ያሳያል። ምን ያህል ርቀት መግባት እንደሚቻል ከካርታው ጋር ባለው ማብራሪያ ይጻፋል። ነጠብጣብ በሌለበት መንገድ መኪናው ዳር ይዞ ይቆማል፤ ሰው ድንኳኑን ተሸክሞ ይገባል። መንገዶቹ የሚዘጉበትና የሚከፈቱበት ወርም እዚያው ይገኛል፤ በብርዱ ወራት ብዙዎቹ ይዘጋሉ።

ሌላው ንባብ ሜዳ ላይ ነው። በየጠጠር መንገዱ መነሻ የመንገዱን ቁጥር የያዘ ምልክት አለ። ቁጥሩ አግድም ከተጻፈ መንገዱ ለተራ የቤት መኪና ይሆናል ተብሎ የሚጠገን ነው። ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ከተደረደረ ግን ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል። ከሥራ በወጣበት ቶዮታ ካምሪ ቤተሰብ ጭኖ የሚመጣ ሰው ይህችን ምልክት ቢያውቅ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

ከካርታው በኋላ ስልክ ነው። እያንዳንዱ ደን በወረዳ ተከፍሎ ለየወረዳው የሬንጀር (የደን ጠባቂ) ቢሮ አለው። አዘውትረው የሚሄዱ ሰዎች አርብ ቢሮው ሳይዘጋ ይደውላሉ። ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ መንገዱ ክፍት ነው? እሳት ተፈቅዷል? የተዘጋ ቦታ አለ? ሬንጀሮች የትኛው መታጠፊያ ላይ ማደር እንደሚሻል ሁሌ አይናገሩም፤ የትኛው መንገድ ለወንዝ ቅርብ እንደሆነ፣ የትኛው እንደተጨናነቀ ግን ይነግራሉ። በእንግሊዝኛው የሚሳቀቅ ሰውም ቢሆን ሊደውል ይገባዋል፤ ጥያቄውን መመለስ ሥራቸው ነው።

ይህ የስልክ ጥሪ ዋጋ እንዳለው ዶሊ ሶድስ ያሳያል። በመነንጋሂላ ደን ያለው ይህ ከፍታማ፣ ነፋሻ ምድር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመድፍና የሞርታር ልምምድ ይደረግበት ነበር። ያልፈነዱ ጥይቶች ዛሬም ሊገኙ ስለሚችሉ በመግቢያዎቹ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ ከተረገጠው መንገድና ቀድሞ ሰው ካደረበት ቦታ መውጣት አይመከርም።

በዚያው አካባቢ ስልክ የማይሠራበት ምድርም ሰፊ ነው። በግሪን ባንክ ያለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ እንዲሰማ ሲባል ከ1958 ጀምሮ የሬዲዮ ጸጥታ ክልል ታውጇል። ስለዚህ ካርታው ከቤት ሳይወጡ ስልክ ላይ ይጫናል፤ የወረቀቱም ኮፒ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። የት እንደሚታደርና መቼ እንደሚመለሱ ለአንድ ዘመድ ይነገራል።

ከጆርጅታውን የሚጀምር የወንዝ ዳር

መኪና ለሌለው ወይም ጠጠር መንገድ ለሚፈራ ሰው ከዋሽንግተን ከተማ ሳይርቅ የሚገኝ ሌላ አማራጭ አለ። በጆርጅታውን ሱቆችና ምግብ ቤቶች መሃል የሚያልፈው አሮጌ የጀልባ ቦይ፣ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ነው። ቁፋሮው በ1828 ተጀምሮ በ1850 ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ ደረሰ። በቅሎዎች ከዳር ሆነው በገመድ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን ይጎትቱበት ነበር። ባቡር አሸነፈው፤ በ1924 የደረሰው ጎርፍም ሥራውን ዘጋው።

በ1950ዎቹ ቦይውን ተከትሎ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነሣ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ተቃወሙ። በ1954 ሐሳቡን የደገፉትን የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ አዘጋጆች «ኑና አብረን በእግር እንየው» ብለው ከከምበርላንድ ወደ ዋሽንግተን ጉዞ መሩ። መንገዱ ሳይሠራ ቀረ። በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

በቅሎዎቹ የሄዱበት መንገድ ዛሬ 184.5 ማይል፣ ወደ 297 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ በየጥቂት ማይሉ በእግር ወይም በብስክሌት ለሚመጣ መንገደኛ የተዘጋጁ ማደሪያዎች አሉ፤ ክፍያ የለባቸውም፤ ቀድሞ የደረሰ ያድርባቸዋል። የጫካው ቦታ የሌለው ነገር እዚህ አለ፦ ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃና ከመሬት ውሃ የሚስብ የእጅ ፓምፕ። ፓምፑ በቀዝቃዛው ወራት ይዘጋል። በአንድ ጉዞ በአንዱ ማደሪያ የሚፈቀደው አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ መንገደኛ እንጂ ሰፋሪ እንዳይሆን ነው። ከጆርጅታውን ሲነሡ የመጀመሪያው ማደሪያ ስዌይንስ ሎክ ላይ፣ 17 ማይል ገደማ ርቆ ይገኛል፤ በብስክሌት የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ወንዝ ዳር መተኛትና ጎርፍ

የወንዝ ዳር ማደሪያ ሲመረጥ ዓይን የሚያርፈው በደልዳላው ላይ ነው። ያ ለጥ ያለ ሜዳ ግን ወንዙ ራሱ ያስተካከለው ነው፤ ሲሞላ የሚተኛበት መሬት ነው። ደመና ከተራራው ወዲያ ቢዘንብ፣ ድንኳኑ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ሌሊት ሊመጣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 2010 በአርካንሶ ግዛት፣ በዋሺታ ብሔራዊ ደን ውስጥ ባለው አልበርት ፓይክ የማደሪያ ስፍራ የሆነው ይኸው ነው። ንጋት ሳይቀድ የሊትል ሚዙሪ ወንዝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ20 ጫማ በላይ ከፍ አለ። ሸለቆው ጠባብ ነበር፤ የስልክ ሞገድም አይደርስበትም ነበር። 20 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። ቦታው ለዓመታት ሰው ሲያድርበት የኖረ፣ የተሠራ ካምፕ ነበር።

«ደልዳላውን መሬት ያስተካከለው ወንዙ ነው፤ ሲሞላ ተመልሶ ይመጣበታል።»

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ድንኳን ከመትከላቸው በፊት ቀና ብለው ዛፎቹን ያያሉ። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ካለ ያለፈው ጎርፍ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ምሳ ይበላል እንጂ አይታደርም። ብዙ ደኖች ድንኳን ከውሃ ቢያንስ ከ100 እስከ 200 ጫማ እንዲርቅ ይጠይቃሉ። 200 ጫማ ማለት ወደ 60 ሜትር፣ በአዋቂ እርምጃ ሰባና ሰማንያ ነው። ደንቡ ወንዙን ከሰው ይጠብቃል፤ ሰውንም ከወንዙ።

ቀና ማለት ለሌላም ይጠቅማል። በ2002 በሚሺጋን መኖሩ የታወቀው አረንጓዴ ጥንዚዛ «አሽ» የተባለውን ዛፍ በምሥራቁ አገር እየጨረሰው ነው። ቆመው የደረቁት ዛፎች ያለ ነፋስ ሳይቀር ይወድቃሉ፤ ከሥራቸው መተኛት አይገባም። ጥንዚዛው ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዘው በአብዛኛው ሰዎች መኪና ጭነው በሚወስዱት ማገዶ ነው። ከግቢ የተቆረጠ እንጨት ይዞ መሄድ ቁጠባ ቢመስልም ደን የሚገድል ነገር ነው። ማገዶ በሚነድበት አካባቢ ይገዛል፤ ወይም ደኑ ከፈቀደ መሬት ላይ የወደቀው ይለቀማል።

እሳት፣ ወጥና ድብ

የአበሻ አዳር ያለ እሳት አይታሰብም። ቡና ይቆላል፤ ሥጋ ይጠበሳል። እሳቱ ግን ቀድሞ በተሠራው የድንጋይ ክብ ውስጥ ብቻ ይነድ። በቨርጂኒያ ሕግ ከየካቲት 15 እስከ ሚያዝያ 30 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) በደን አጠገብ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ክፍት እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ ነፋስ የሚበዛበት ወቅት ነውና። በድርቅ ጊዜ ጭራሽ ይታገዳል። ያን ጊዜ በጋዝ ምድጃ ይሠራል።

እሳት ማጥፋት በአፈር መሸፈን አይደለም። አፈር ፍሙን አፍኖ ያቆየዋል፤ ነገ ነፋስ ይገልጠዋል። የሚጠፋው እንዲህ ነው፦ ውሃ ይፈስበታል፤ በእንጨት ይማሰላል፤ እንደገና ውሃ ይፈስበታል። መንሿሿቱን ያቆመው አመድ ጭቃ እስኪሆን ይታሻል። በመጨረሻ የእጅ ጀርባ ይጠጋል፤ ሙቀት ካለ ገና ነው። አይበርድም ተብሎ ከተፈራ ከድንጋዮቹ ሥር ሳይቀር ይፈተሻል።

የከሰል ማንደጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም። በአገራችን ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩትን እናውቃለን። ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠባል። ብርድ ከተፈራ መፍትሔው ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ የሚገባው ከመሬት ነው።

በእነዚህ ደኖች ጥቁር ድብ አለ። ሰውን ይሸሻል፤ ሽታ ግን ይጠራዋል። ንጥር ቅቤ ያለበት ወጥ፣ የሥጋ ጭማቂ የፈሰሰበት ከረጢት፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ለእርሱ ጥሪ ነው። ሲመሽ ምግብ ሁሉ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። መኪና ከሌለ ከመሬት ቢያንስ 10 ጫማ፣ ከግንዱ 4 ጫማ አርቆ በገመድ ይሰቀላል። ድንኳን ውስጥ ብስኩት እንኳ አይቀመጥም። ሰው ትቶት የሄደውን ምግብ የለመደ ድብ በየካምፑ እየዞረ ስለሚያስቸግር ብዙ ጊዜ መጨረሻው መገደል ነው።

ከድብ ይልቅ የሚያሳስበው መዥገር ነው፤ ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ልጆች ከብብት እስከ ጆሮ ጀርባ ይታያሉ። የወንዝ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይፈላ ወይም ሳይጣራ አይጠጣም። በኅዳር አካባቢ የአጋዘን አደን ወቅት ስለሆነ ብርቱካናማ ልብስ መልበስ ያስፈልጋል።

መጸዳጃ በሌለበት ደግሞ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከውሃ 60 ሜትር ርቆ። ወረቀቱ በላስቲክ ታስሮ ከቆሻሻው ጋር ወደ ቤት ይመለሳል። ነገሩ ለወሬ አይመችም፤ ነፃ ቦታዎችን ካዘጉት ምክንያቶች አንዱ ግን ይኸው ነው።

«ከጫካ ወጥተን ጫካ?»

ወላጆች ብዙ ጊዜ ይህን ይጠይቃሉ። መሬት ላይ መተኛት ለእነርሱ የችግር ምልክት ነው። አንዳንዶቹ በስደት መንገድ በሱዳን በረሃ አድረዋል፤ አንዳንዶቹ በጦርነት ከቤት ወጥተው ሜዳ ተኝተዋል። ልጆቻቸው «ድንኳን እንትከል» ሲሉ ያ ሁሉ ይመጣባቸዋል። ይህን ስሜት ማክበር ይገባል። ከእነዚሁ ወላጆች መካከል ግን ከብት ጥበቃ ላይ ያደጉ፣ የቁልቢን መንገድ በእግር የሄዱ፣ በንግሥ ዋዜማ ከታቦቱ ጋር ሜዳ ላይ ያደሩ አሉ። ደረቅ እንጨት ከእርጥቡ በድምፁ ይለያሉ፤ ሰማይ አይተው ዝናቡን ይናገራሉ። የገቡበት ጫካ ያንን ዕውቀት ሲጠይቃቸው ልጆቻቸው አይተውት የማያውቁትን ሰው ያያሉ።

ሌላው ጥያቄ ፍርሃት ነው። «ጥቁር ሆነን በዚያ ገጠር ማታ መኪና አቁመን?» የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ የአገሪቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። የሚሄዱት ሰዎች የሚመክሩት በቡድን መጀመርን፣ ሳይመሽ መድረስንና ካርታውን እጅ ላይ መያዝን ነው። ሕግ አስከባሪ ቢመጣ «እዚህ ማደር ተፈቅዷል፤ መንገዱ ይኸውና» ማለት ይቻላል። ቀድመው የተሠራ ካምፕ ውስጥ ከፍለው አንድ ሁለቴ አድረው የተለማመዱም አሉ፤ ጥሩ መንገድ ነው።

የማታ ሺፍት የሚሠሩ ነርሶችና ቀን ሙሉ መሪ ይዘው የሚውሉ ሹፌሮች ደግሞ ሌላ ይላሉ። ለእነርሱ ዋናው ነገር ገንዘቡ አይደለም። ቀጠሮ አለመኖሩ ነው። የተሠሩት ካምፖች ከወራት በፊት ይያዛሉ፤ የእረፍት ቀኑ ረቡዕ ማታ የሚነገረው ሰው እዚያ ቦታ አያገኝም። ጠጠር መንገዱ ላይ ያለው ደልዳላ መሬት ግን የማንንም ስም አይጠይቅም።

በዲሲ ዙሪያ የማይኖሩትም ቅርባቸው ነው። ለሲያትል የማውንት ቤከር ስኖኳልሚ ደን፣ ለዴንቨር ፓይክና ሳን ኢዛቤል፣ ለአትላንታ ቻታሁቺ፣ ለሚኒያፖሊስ ሱፔሪየርና ቺፕዋ፣ ለላስ ቬጋስ የስፕሪንግ ተራሮች አሉ። ደንቡ ከደን ደን ይለያያል፤ አጠያየቁ ግን አንድ ነው፦ መሬቱ የማን ነው? ካርታው ምን ይላል? ሬንጀሩ ምን ይላል?

የሚዘጉ ቦታዎች

ነፃ አዳር በየዓመቱ እየጠበበ ነው። በኮሎራዶ፣ በክረስትድ ቢዩት ዙሪያ ባሉ ሸለቆዎች ሰው ወንዙ ዳር በፈለገበት ያድር ነበር። እንግዳው ሲበዛ ሣሩ ተረገጠ፤ ቆሻሻና የሰው ዓይነ ምድር በየዛፉ ሥር ተገኘ። በ2021 የደን አገልግሎቱ አዳሩን ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች ብቻ ወሰነው። በሌሎች ደኖችም ከተማ አጠገብ ያሉ መንገዶች እንዲሁ ተዘግተዋል። ሬንጀሮች እንደሚሉት አንድን ቦታ የሚያዘጉት ብዙ ሰዎች አይደሉም፤ ጥቂት ሰዎች ትተውት የሚሄዱት ላስቲክ፣ የቢራ ጠርሙስና የተቆረጠ እርጥብ ዛፍ ነው።

መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ይህ ተራራ ራቁቱን ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ገዛው፤ ሥራ ያጡ ወጣቶች ዛፍ ተከሉበት፤ ወንዙም ጠራ። ዛሬ የዚህ ደን ጠባቂዎች ደመወዝ በዚህ አገር ግብር ከሚከፍል ኢትዮጵያዊ ኪስም ይወጣል። ስለዚህ ወደ ጫካው እንደ እንግዳ ተሳቅቆ መግባት የለበትም፤ እንደ ባለንብረት ተጠንቅቆ ይግባ። በሚመጣው የእረፍት ቀን ካርታውን አውርዱ፤ ለሬንጀር ቢሮ ደውሉ፤ ልጆችንና አያቶችን ይዛችሁ ሂዱ። ስትመለሱ የራሳችሁን ቆሻሻ፣ ከቻላችሁም ከእናንተ በፊት ያደረው ሰው የተወውን ጭምር ጭናችሁ ተመለሱ።